የእህትዬ ልጅ

በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመጣች ሰሞን ፀጉር አስተካካዩ «እህትዬ» ብሎ ሲጠራት የሰሙ ጎረቤቶች ስሟ መሰላቸውና በዚያው ጸናባት። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ነውና አንዱ «ኢትዬ» ይላታል፣ ሌላው ጫፉን ይውጥና «እህ» ላይ ያቆማታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ደግሞ «ህ»ን ከጉሮሯቸው ሥር ጎትተው ሲያወጧት ሊያስነጥሱ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። እሷም ለሁሉም አቤት አለች።

አገር ቤት ሳለች የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ጠዋት ጠመኔ፣ ማታ ቤተ ክርስቲያን። አላገባችም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት ሲመጣ «የተማሪዎቼ ጩኸት አይበቃኝም?» ብላ ታልፈዋለች። ስብከቷ የታወቀ ነበር። ቃል አታባክንም፤ እንደ ምስማር አንድ ጊዜ ትመታዋለች፣ ገባ። ቤተ ክርስቲያኗ ባሕር ማዶ የሚሄድ ወንጌላዊ ስትፈልግ ጣቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እናቷ ብቻ ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ጸድቆ አለቀና ነው?» አሉ።

«አይ እማዬ፣ እዚያ ያሉት ከየአገሩ ተሰደው የመጡ ናቸው። ዘመድ የላቸውም።»

«አንቺስ እዚያ ማን ዘመድ አለሽ?»

እናት አለቀሱ፣ መረቁ፣ ሸኙ።

የደረሰችበት ከተማ የወደብ ከተማ ነው። ሕንፃው ወደ ወደቡ በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመ፣ ቀለሙ የተላላጠ ባለ አምስት ፎቅ ነው። በየበሩ ጫማ ተደርድሯል፤ የልጆች ብስክሌት ከደረጃው ብረት ጋር በገመድ ታስሯል፤ በየፎቁ የሚሰማው ቋንቋ ሌላ ነው። አዳራሹ ከሕንፃው ጀርባ የነበረ የጎማ መጋዘን ሲሆን ፀሐይ የበረታ ቀን የጎማው ሽታ ከግድግዳው ውስጥ ይነሳል። ከእሷ በፊት ያገለገሉት ባልና ሚስት ባልየው ታሞ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያስረከቧት ቁልፍና መልካቸው ለየቅል የሆነ ወንበሮች ብቻ ነበር። እነሱ ጎረቤቱ ሁሉ የሚግባባበትን የዚያን አገር ቋንቋ አሳምረው ይናገሩ ነበር። እሷ ከሰላምታ አታልፍም።

የመጀመሪያው እሑድ ቆማ በአማርኛ ሰበከች። ሌላ ምን ታድርግ? ጥቂት ሰዎች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በትሕትና አዩዋት። አንድ ሕፃን ተኛ። አገር ቤት ስንቱን ያስለቀሰው ምስማሯ እዚህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ስትጨርስ የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት እጇን ይዘው እንደ ልጅ እየጎተቱ ከሕንፃው ሥር ወዳለች ፀጉር ቤት ወሰዷትና ወደ ውስጥ ጠቆሙላት።

አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የመርከብ ፎቶ። ባለቤቱ ስልሳ የተጠጋው፣ ራሱ እንደ ዕንቁላል የጠራ መላጣ።

«የአገሬ ልጅ!» አለ ገና ፊቷን ሲያይ። «ግቢ፣ ግቢ። መላጣ ፀጉር አስተካካይ አይተሽ እንዳትሸሺ፤ የራሴን ለደንበኛ አድዬው ነው።»

ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። እውነትም በጎልማሳነቱ በጭነት መርከብ ላይ ሠርቷል፤ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ነው። «መርከቡ ላይ እኔ የማዝዘው ሽንኩርቱን ብቻ ነበር» ይላል ራሱ። የሕንፃውን ቋንቋዎች ሁሉ ይናገራል። እሷ እዚያ ቆማ ሳለ እንኳ በበሩ ከሚያልፉት አንዱን በአንድ ቋንቋ ቀለደበት፣ ሌላውን በሌላ ሰላም አለ።

«እርስዎ ቢተረጉሙልኝስ?» አለችው።

«መጀመሪያ አንቱታውን ጣዪው፣ ያስረጀኛል። ቀጥሎ ደግሞ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም። ጾሙንም ጸሎቱንም ባሕር ላይ ጥዬ ነው የወረድኩት።»

«አማኝ ሁንልኝ አላልኩም፣ ጋሼ። አፍህን አውሰኝ ነው ያልኩህ።»

ሳቀ። መቀሱን በፎጣ እያበሰ «አዲስ የሚመጡት ስደተኞች ወደ አዳራሹ ይመጣሉ?» ሲል ጠየቃት።

«ይመጣሉ። ብርድ ልብሱንም ልብሱንም የምናድለው እኛ ነን።»

«እንግዲያው እሺ» አለ። እሑድ ጠዋት ሥራ እንደሌለውም ጨመረ። ለምን ያንን እንደጠየቀ ያኔ አላሰበችበትም።

በሥራ ቀናት ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። ትልቁ መተኮሻ አንሶላውን ትኩስ ትኩሱን ይተፋዋል፣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ያጥፈዋል። የእሷ ጥንድ ሌላ አገር የተወለደች፣ ከወንዶቹ ሁሉ የምትረዝም ሴት ነበረች፤ «ረጅሟ» ይሏታል። አንዷ ረጅም አንዷ አጭር ስለሆኑ አንሶላው ሁሌ ወደ አንድ ወገን ይንጋደዳል፤ ረጅሟ ትጎነበሳለች፣ እህትዬ በጣቷ ጫፍ ትቆማለች። የአገሩን ቋንቋ የተማረችው እዚያ ነው፣ ከአንሶላው ወዲያ ማዶ በሚመጣ ጩኸት። «ያዢ! ጎትቺ! አንሺ! ጫፉን እንዳትለቂ!» ስለዚህ ወንበር የሚለውን ቃል ሳታውቅ ጎትቺ የሚለውን አወቀች። ረጅሟም ከእናቷ ጋር እሑድ እሑድ አዳራሽ መምጣት ጀመረች።

አዳራሹ እየሞላ ሄደ። ከእሷ የሚወጣው ምስማር በካፒቴን አፍ ሲያልፍ ግንድ ያክላል። እሷ «ተስፋ አትቁረጡ» ብላ ታቆማለች፤ እሱ ይጀምርና ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሳትቀልድ ይስቃሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለቅሳሉ።

«ምነው እንዲህ ረዘመ፣ ጋሼ?»

«ቋንቋቸው ዙሪያ ጥምጥም ነው እህትዬ። እነሱ ‘ግባ’ ለማለት በሩን ማን እንደሠራው ይነግሩሻል።»

አመነችው። ሴቶቹ ከስብከት በኋላ እጇን እየያዙ ትከሻዋን ይዳብሷት ጀመር። አንዷ የጎረምሳ ሹራብ በእጇ ሠርታ አመጣችላት። እህትዬ ግራ ቢገባትም አመስግና ከሚታደለው ልብስ ጋር ቀላቀለችው። ሰጪዋ ሹራቡን በሌላ ልጅ ላይ ያየች ቀን እንባዋ ለምን እንደመጣም አልገባትም። የዚህ ሰፈር ሰው ሆደ ቡቡ ነው ብላ ተወችው።

ዓመት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ መተኮሻው ተበላሽቶ ሲጠገን ፋብሪካው ጭጭ አለ። ረጅሟ አንሶላውን እንደያዘች «ወሬ አለ?» አለቻት።

«የምን ወሬ?»

«የልጅሽ።»

ቃሉን አሳስታ የሰማች መስሏት «ልጅ የለኝም» አለች፤ በዚያ ቋንቋ ከምትችላቸው አረፍተ ነገሮች አንዱ ነበር።

ረጅሟ በሐዘን አየቻት። «እንዲህ አትበዪ። አለ በዪ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅሽ፣ ጀልባ ላይ የቀረው። እናቴ ስለሱ ሳትጸልይ ቁርስ አትቀምስም።»

እህትዬ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችው። የታጠበው አንሶላ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ፀጉር ቤት ገባች። ወንበሩ ላይ ፊቱ በሳሙና የተሸፈነ ሰው ነበር። እጆቿን አቆላልፋ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ካፒቴን በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን አየ፤ ምላጩ ቀስ አለ። ሰውየው ተላጭቶ ሲወጣ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ አንድ ነገር አላትና ሄደ። አሁን ቋንቋውን ትሰማለች፤ «ልጅሽን ያምጣልሽ» ነው ያላት።

«ጋሼ» አለች በሩ ሲዘጋ። «መቼ ነው የወለድኩት?»

ካፒቴን ምላጩን አስቀመጠ።

«እኔ ባል ሳላገባ አንተ አምጠህ ወለድክልኝ? ዓመት ሙሉ፣ በእግዚአብሔር ቤት፣ በስሜ ስትዋሽ!»

«አልዋሸሁም። ‘እኔ’ ነው ያልኩት።»

«ምን ማለት ነው?»

ደንበኛው የተነሳበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ እንዳዞረ። «ተርጓሚ ‘እሷ እንዲህ አለች’ አይልም፤ ‘እኔ’ ብሎ ነው የሚናገረው። አንድ እሑድ ‘የጠፋባችሁን እግዚአብሔር ያውቀዋል’ አልሽ። ሰዉን አየሁት፣ እህትዬ። አላመነሽም። ይቺ ደግሞ ምን ጠፍቶባት ታውቃለች የሚል ፊት ነው የነበረው። እኔም ‘ልጄ ባሕር ላይ ቀርቶብኛል፤ እኔም እጠብቃለሁ’ አልኩ። ያንቺን ‘እኔ’ ስናገር ከርሜ የራሴው ሾልኮ ወጣ።» መላጣውን ዳበሰ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። እኔ ላይ ሁለቱም ደረሰ።»

አልሳቀችም። «ልጅ አለህ?» አለችው ብቻ።

ነበረው። እሱ መርከብ ለመርከብ ሲዞር እናቱ ያሳደገችው አንድ ወንድ ልጅ። ጎረምሳ ሲሆን ሳያማክር «አባቴ ጋ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሳ። የመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ወዲያ ዳርቻ ነው።

«‘ነገ እንሳፈራለን’ አለኝ። ‘ፀጉሬን አንተ እንድትቆርጠኝ ብዬ አሳድጌዋለሁ፤ መቀስህን ሳለው’ አለኝ። በቃ። እሱ ነው የመጨረሻው።» በመስታወቱ ውስጥ የመርከቡን ፎቶ አየ። «ይሄን ሁሉ ቋንቋ ከየት ተማርከው ትይኝ የለ? ከጀልባ የወረደውን ሁሉ በነፃ እቆርጠዋለሁ፣ እየቆረጥኩ እጠይቀዋለሁ። የሁሉንም ቋንቋ የጀመርኩት በአንድ አረፍተ ነገር ነው፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ አይተሃል? የሚል። አዳራሽሽ የመጣሁትም ለዚያው ነው። አታሎሽ ከሆነ አዎ፣ አታሎሻል ይሄ መላጣ።»

«በራስህ አፍ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምላጭ ይዤ ባለቅስ ጉሮሮውን የሚሰጠኝ ማን አለ?»

ተነስታ ወጣች። ይቅር አላለችውም፣ አልሰደበችውምም። ወደ ወደቡ ወርዳ የመርከብ ገመድ የሚታሰርበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የተቃጠለችው በውሸቱ ብቻ ቢሆን በቀለላት። ሕዝቡ የመጣው የእሷን ምስማር ፍለጋ እንዳልሆነ አሁን ገባት፤ ኩራቷም አብሮ ቆስሏል። ዝም ብትል በሌላት ልጅ እየተለቀሰላት ልትኖር ነው። ብትናገር የሰውየውን ቁስል በአደባባይ ልትገልጠው ነው።

በማግሥቱ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ እዚህ ሰዎች ልጅ አለሽ ይሉኛል።»

«እሰይ! እኔ ስንት ዓመት የለመንኩትን እነሱ ባንዴ አገኙት?» አሉ እናት። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጁ የሰው ነው፣ አይደል? የሰው ልጅ ታቅፎ መኖር ደግ አይደለም። ለባለቤቱ መልሺለት። ብቻ ቀስ ብለሽ።»

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ነገ አልሰብክም። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«ባልመጣስ?»

«ባትመጣ ልጅ የለኝም እላቸዋለሁ። የማን እንደሆነ ግን ከእኔ አይሰሙም። እሱን መናገር ያንተ ነው።»

እሑድ መዝሙሩ አልቆ እንኳ አልመጣም ነበር። ልትነሳ ስትል በሩ ተከፈተና ኮት ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ ገባ። ሰዉ እንደ ልማዱ ሊሰማ ተስተካከለ። ካፒቴን ሲተረጉምበት በኖረው የዚያ አገር ቋንቋ ጀመረ፣ ሁለት ቃል ተናገረና ቆመ። እንደገና ሞከረ። ያ ሁሉ ቋንቋ እንደ ጉም በነነበት። ዞሮ እህትዬን አያት፤ አማርኛው ገንፍሎ ወጣ። ስለ ልጁ ሕፃንነት፣ ቅንድቡ እንዴት እንደተፈነከተ፣ ስለዚያ የመጨረሻ ስልክ፣ ስላሳደገው ፀጉር።

የሚተረጉምለት ሰው አልነበረም። እሷ ተረጎመችለት፤ ያላት ደግሞ የአንሶላ ቋንቋ ብቻ ነው።

«ልጁ የእኔ አይደለም» አለች። «የሱ ነው። የሱ ነበር ሁልጊዜ።» ጉርምርምታው ሲበርድ ቀጠለች። «ባሕሩ ጎተተው። አባቱ በዚህ በኩል ጫፉን ይዟል። እጁ ደክሟል። አልለቀቀም።»

ከዚያ በላይ ቃል አልነበራትም። ካፒቴንም ጨርሶ ነበር። ሁለቱም እንደቆሙ ቀሩ።

አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከመሐል ተነሳ። ለአዳራሹ መብራት ያስገባለት እሱ ነው፣ ቁም ነገረኛ ሰው። «እኔ ስለ እሷ ልጅ ጾሜአለሁ!» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ስለሌለ ልጅ!»

የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት ከፊት ወንበር ዞሩበት። «ልጁማ አለ፤ እናቱ ናት የጠፋችው!»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አልሳቀም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስቱን በዓይኑ ጠቅሶ አስነሳና ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። እህትዬ «እውነቱን ነው» አለች። ለቀሩት ደግሞ ሳታውቅም ቢሆን በስሟ ለተባለው ሁሉ ይቅርታ ጠየቀች። ረጅሟ መጥታ ካፒቴንን እንደ ልጅ አቀፈችው፤ ራሱ ደረቷ ላይ ቀረ። ከዚያ ሴቶቹ ተራ በተራ መጡ። የመጣችው ሁሉ በየቋንቋዋ አንድ ነገር ትነግረዋለች፤ እሱም ለሁሉም በየቋንቋቸው ይመልስ ጀመር። ጠፍቶበት የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ ተመለሰለት።

ለተወሰነ ጊዜ አዳራሹ ሳሳ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ነገር ተጀመረ። ስብከቱ ሲያበቃ የጠፋበት ሰው ያለው ይቆምና በራሱ ቋንቋ ይጠራዋል፤ ማንም አይተረጉምም። ሐሳቡን ያመጣችው የሹራቧ ባለቤት ናት፤ ሹራቡን ማንን እያሰበች እንደሠራችውም ያን ቀን ታወቀ፤ እሷም የጠፋ ወንድም ነበራት።

ካፒቴን መተርጎሙን አልተወም። አሁን ግን የራሱን ሊጨምር ሲል ጣቱን ያነሳና «ይሄ የእኔ ነው» ይላል፤ ሰዉም ፈገግ ይላል። እህትዬም ብትሆን ስብከቷ ረዝሟል፤ ምስማር መምታቱን ትታ ሰው መጠየቅ አብዝታለች። የአገር ቤት ሽማግሌዎች ደውለው «ያ ተርጓሚሽ አመነ ወይ?» ሲሏት ስልኩን ለራሱ ሰጠችው። «ገና እያዳመጥኩ ነው፣ አባቶቼ» አላቸው።

ስለ ልጁ የመጣ ወሬ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ወጣት አለ ተባለና ካፒቴን ሱቁን ዘግቶ በባቡር ሄደ፤ እህትዬም ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራው ሄደች። የሌላ ሰው ልጅ ነበር። ካፒቴን ቦርሳውን ከፍቶ መቀሱን አወጣና ልጁን በር ላይ አስቀምጦ ፀጉሩን አሳምሮ ቆረጠው። ሲመለሱ እህትዬ ባቡሩ ውስጥ ቦርሳውን ያዘችለት። የሚባል ነገር አልፈለገችም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስት ከስንት ጊዜ በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ባሏ በመኪና ያመጣታል፣ አይገባም፤ መስኮቱን ዘግቶ ጋዜጣ ያነባል። እህትዬ ከስብሰባው በፊት ወጥታ መስኮቱን ታንኳኳለች። መጀመሪያ ላይ አይከፍትም ነበር። ኋላ ትንሽ ዝቅ አደረገላት። አሁን ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራሉ፣ እሷም የወገቧን ትነግረዋለች።

«ግድ የለሽም፣ አንድ ቀን ይገባል» አላት ካፒቴን፣ ከበሩ ሆኖ እያየ።

«ባይገባም አይግባ» አለች። «የዛሬው ብርድ ግን ለጉልበቱ ጥሩ አይደለም» ብላ ብርድ ልብስ ልትፈልግ ወደ ውስጥ ገባች።